ሚዳቋና የግማሽ እንጨት ፈቃድ

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። እንስሳት ቤት ሠርተው፣ ጎረቤት ሆነው የሚኖሩበት አንድ አገር ነበር።

በዚያ አገር ማንም ተነስቶ አናጢ ነኝ አይልም። ሽማግሌዎች ሥራውን ይፈትኑና አንድ እንጨት ለሁለት ይሰነጥቁለታል። አናጢው ግማሹን ባንገቱ ያንጠለጥላል፤ ሌላው ግማሽ ከሽማግሌው ከአባ ኤሊ ዘንድ ይቀመጣል። ሁለቱ ሲገጥሙ ፈቃዱ እውነተኛ ነው። የአባ ኤሊ ቤት ግን ዳገት ላይ ስለሆነ፣ አገሬው አንገት ብቻ እያየ ይቀጥር ነበር። ስንፍና እኮ መድኃኒት የለውም!

እመት ሚዳቋም አምና የጅብን አንገት አይታ ቀጠረች። እሱ የሠራላት ቤት በሐምሌ ዝናብ ተንዶ አንድ ግልገሏን ገደለባት። ዘንድሮ ደግሞ እርጉዝ ናት፤ ደመናውም ከብዷል።

አንድ ቀን አያ ዝንጀሮ እንጨቱን ባንገቱ አንጠልጥሎ፣ ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«እመት ሚዳቋ፣ በሦስት ቀን ቤት አቆምልሻለሁ!»

«ፈቃድ አለህ?»

«ባንገቴ ያለውን አላየሽም?»

«አየሁ፤ ያየሁት ግን ግማሹን ነው።»

ጎረቤቶቿ ጥንቸልና ጃርት ተቆጡ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዝናቡ ደርሷል! እንዲህ ያለውን ባለሙያ አስቀይመሽ ልትሸኚ ነው?»

ሚዳቋ የሞተው ልጇ ትዝ አላት፤ ወደ ዝንጀሮ ዞራ «አባ ኤሊ ዘንድ አብረን እንሂድ» አለችው።

«እኔን ትጠረጥሪያለሽ? ባንገቴ ያለውን አላየሽም?»

«አየሁ፤ ያየሁት ግን ግማሹን ነው። እውነተኛ ከሆንክ ምን አስፈራህ?»

ዝንጀሮ ጎረቤት እየሰማ እንቢ ማለት አፍሮ ተከተላት። ጥንቸልና ጃርትም ወሬው እንዳያመልጣቸው ከኋላ ከኋላ አሉ።

አባ ኤሊ ጓዳ ገብተው ሲፈልጉ፣ ሲፈልጉ ቆዩ። በመጨረሻ ያወጡትን ግማሽ ከዝንጀሮ እንጨት ጋር ቢያጋጥሙት ልክክ ብሎ ገጠመ።

ዝንጀሮ ዘለለ፣ ጨፈረ። «አላልኩሽም! በይ ይቅርታ ጠይቂኝ!»

ሚዳቋ የምትገባበት ጠፋት።

«ቆይ እንጂ አንተ» አሉ አባ ኤሊ። «እኔ ጋ ያለው ግማሽ ላይ የባለቤቱ ምልክት አለ።» ገልበጥ ቢያደርጉት ጀርባው የምንቃር ጭረት ነው። «ይህ የወፉ አናጢ የግንደ ቆርቁር ፈቃድ ነው። አምና እንጨቴን ሰረቁኝ ብሎ እዚሁ አልቅሷል፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። በል እስቲ፣ ምንቃርህን አሳየኝ!»

ዝንጀሮ አፉን በእጁ ሸፈነ። ሊሮጥ ሲል ጃርት እሾኋን አቁማ በሩ ላይ ጠበቀችው።

ግንደ ቆርቁር ተጠርቶ መጣ። እንጨቱን መልሰው ባንገቱ ሲያስሩለት እንባው ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ የሚዳቋን ቤት ምሰሶ ተከለ፣ ማገሩን አሰረ፣ ክዳኑን ከደነ። ዝንጀሮስ? ተፈርዶበት እስከ ጉልበቱ ገብቶ ጭቃ ሲያቦካለት ሰነበተ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ወረደ፣ በረዶው ደበደበ፤ ቤቱ ንቅንቅ አላለም። እመት ሚዳቋ መንታ ወለደች፤ በደረቅ መደብ ላይ አስተኝታቸው እልልታዋን ለቀቀችው። ያን የሰማ አገር ሁሉ አብሯት እልል አለ፤ በማግስቱም የአባ ኤሊ ዳገት ግማሽ እንጨት ሊያጋጥም በመጣ ጠያቂ ተጨናነቀ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እናንተም ስታድጉ ያዙት፦ ሳይጠይቅ የቀጠረ፣ ጣሪያ ወርዶበት ተማረ።