የጉድጓድ ቆፋሪው ወረቀት

ትርሲት ትምህርቷን ከጨረሰች ወዲህ ሲቪዋን ለአሥራ አራት መሥሪያ ቤት አስገብታለች፤ ከአንዱም አልተጠራችም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጅ ሳለች ፊደል ያስቆጠሯት መምህር አይችሉህም ዘንድ ሄደች።

«መምህር፣ ሰው ሁሉ ሲቪሽን ደግመሽ እይው፣ አስተካክይው ይለኛል። የራሴን ታሪክ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ጽፌ የጨረስኩትን ደግሞ ማየት ምን ይጨምርልኛል?» አለቻቸው።

መምህር ወንበር ሰጧትና እንዲህ ሲሉ መለሱላት።

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ። አፈሩን በመዳፉ አሽቶ፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ፣ ውሃው በስንት ክንድ ላይ እንዳለ የሚናገር ሰው ነበር። ነገር ግን በአገሩ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ጠፋና ሥራ ፈታ። በዚያ ወራት በወንዝ ማዶ ያሉ ሦስት ባለጸጎች አትክልት ሊያለሙ ቆፋሪ ይፈልጋሉ የሚል ወሬ ሰማ። ሰው ከመምጣቱ በፊት የሠራውን በጽሑፍ ይላክልን ብለዋል።

ሰውየው ማንበብ ቢችልም እጁ ከዶማ በቀር ብዕር አልለመደም። ስለዚህ ገበያ ዳር ከሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ታሪኩን ከልጅነቱ ጀምሮ ተናገረ። ጸሐፊው ሌሎች ባለጉዳዮች ይጠብቁት ስለነበር እየተጣደፈ ጻፈ፤ ያንኑ እያየም ሦስት ጊዜ ገለበጠ። «ላንብብልህ?» ቢለው፣ «በአፌ የተናገርኩትን ደግሞ መስማት ምን ያደርግልኛል» ብሎ አንዱን በኪሱ ከተተ፤ ሦስቱን ለሦስቱ ባለጸጎች ላከ።

አንድ ወር ጠበቀ፤ ሁለት ወር ጠበቀ። ከወንዝ ማዶ የሚመጣ መንገደኛ ባየ ቁጥር ከደጁ ይወጣል፤ መንገደኛው ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። ኋላ ላይ ባለጸጎቹ ሌላ ቆፋሪ አስመጥተው ደረቅ ጉድጓድ ብቻ እንዳተረፉ ሰማ። ይህን ጊዜ ልቡ ተሰበረ።

«ስሜን ያጠፋ ሰው አለ» አለ ለሚስቱ። «ከእንግዲህ ዶማዬን ሸጬ ሌላ እንጀራ እፈልጋለሁ።»

ሚስቱም «ለመሆኑ ምን ብለህ ነው የላክህላቸው?» አለችው።

«የሠራሁትን ነዋ።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

ወረቀቱን ከካፖርቱ ኪስ አወጣና ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። በልጅነቱ ፍየል መጠበቁን አነበበ። የወፍጮ ቤት ዘበኛ መሆኑን አነበበ። ሁለት ዓመት ሽንኩርት መነገዱን አነበበ።

«ጉድጓዱስ?» አለች።

«ይመጣል፣ ታገሺ።»

ገጹ ሊያልቅ ሲል መጣ። «በዘጠኝ መንደር ቆፍሬ ውሃ አጣሁ» ብሎ አነበበና ሊያልፍ ሲል ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«ምን አልክ? እሷን ድገማት።»

ደገማት። እሱ የተናገረው «አወጣሁ» ብሎ ነው፤ ወረቀቱ ግን «አጣሁ» ይላል። ጸሐፊው በጥድፊያ አንዲት «ወ» ዘሏል። ሰውየው ፊደሏ መኖር በነበረባት ቦታ ላይ ጣቱን አኑሮ ብዙ ቆየ። ይህን ሁሉ ጊዜ የጠረጠረው ጠላት በገዛ ኪሱ ውስጥ ነበር። ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ ሚስቱም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ደግሞም» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «በድርቁ ዓመት ሦስት መንደር ያጠጣው ጉድጓድህ የት አለ?»

«እሱንማ የማያውቅ የለም።»

«ወንዝ ማዶ ያለው ሰው ከየት ያውቃል? ይልቅ ፍየሎቹን ተዋቸው፤ እነሱ ውሃ አያወጡም።»

በማግስቱ ወደ ጸሐፊው ተመለሰ። ጸሐፊው ስህተቱን ሲያይ አፈረ፤ ሊክሰውም ፈልጎ «ሃያ መንደር ልበልልህ?» አለው።

«ዘጠኝ ነው» አለ ቆፋሪው። «አሥራ አንዱን አሳየን ቢሉኝ የት አደርሳቸዋለሁ?»

በድርቁ ያልነጠፈውን ጉድጓድ ከላይ አስጻፈ፤ ፍየሉን፣ ወፍጮውንና ሽንኩርቱን አስወጣ። ሲያልቅ ከዳር እስከ ዳር አስነበበ፤ ራሱም ደግሞ አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ወንዙን ተሻገረ።

የመጀመሪያው ባለጸጋ አንብቦ ቀና አለ። «የፊተኛውን ወረቀትህን አልረሳሁትም። ዘጠኝ ጊዜ ውሃ አጥቶ እውነቱን የሚጽፍ ሰው አለ ወይ ብዬ አዝኜልህ ነበር» አለው። ቆፋሪውም የሆነውን ነገረው። ባለጸጋው ሰው ልኮ ስለ ጉድጓዱ አስጠየቀ፤ ነገሩ እንደተጻፈው ሆኖ ተገኘ። በሳምንቱ ቁፋሮ ተጀመረ፤ በአሥራ ሦስተኛው ክንድ ላይ የቆፋሪው እግር ራሰ። የቀሩት ሁለቱ ባለጸጎችም ያንን ሰምተው ተራ ያዙ።

መምህር ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ልጄ፣ ቆፋሪው አንቺ ነሽ። ታሪክሽን ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ልክ ብለሻል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ስለምታውቂው ዓይንሽ ከወረቀቱ የጎደለውን ከልብሽ እየሞላ ያልፋል። የሚቀጥርሽ ሰው ግን ልብሽ አይደርሰውም፤ የሚደርሰው ወረቀቱ ብቻ ነው። ያልሠራሽውን አትጨምሪበት፤ የሠራሽውን ግን በገዛ እጅሽ አትቅበሪው። በይ አሁን አንብቢልኝ፤ እኔ ስለ አንቺ ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ።»

ትርሲት ሲቪዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አራተኛው መስመር ላይ ድምፅዋ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«መምህር፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» አለች።