መተንፈሻ የሌለው ታንከር

አንድ ባለፒክአፕ ነበረ። «አባ፣ ሐዘኔን ዋጥ አድርጌ ብኖር ማንን እጎዳለሁ?» ብለህ ጠየቅኸኝ፤ እኔም የእሱን ነገር እነግርሃለሁ። ስብከት አይደለም፣ አትሽሽ።

ሰውየው በረሃ ለበረሃ የሚመላለስ ነጋዴ ነበር። በዚያ አገር ነዳጅ ማደያ የለምና አንድ በያጅ ዘንድ ሄዶ ከአሉሚኒየም ላሜራ ተጨማሪ ታንከር አሠራ። በያጁ ጥንቁቅ ነው። ለክቶ ቆረጠ፣ አጠፈ፣ በየደ፤ ውሃ ሞልቶም ጠብታ እንደማያፈስ አረጋገጠ። ከላይ ግን ጣት የማታስገባ መተንፈሻ ቀዳዳ ተወለት። ናፍጣው ሲወርድ አየር ካልተካው ታንከሩ መስጠት እንደሚያቆምም ነገረው።

ባለመኪናው ይህ አልተዋጠለትም። ሌባ የናፍጣ ሽታ ተከትሎ እንደሚመጣ ያውቃል። ቤቱ ሲደርስ መተንፈሻዋን በሙጫ ደፈናት፤ ክዳኑንም ጎማ አድርጎበት አጥብቆ ቆለፈው። ሽታው ጠፋ፤ እሱም ተደሰተ።

ጥቂት ቆይቶ ወንድሙን ወባ ጣለው። ሐኪም ያለበት ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከጎኑ አስቀምጦት ተነሣ። በረሃው መሃል ዋናው ታንከር አለቀና ወደ ተጨማሪው አዞረ። ትንሽ እንደሄዱ ከጀርባቸው አንድ ነገር አቃሰተ። ዞር ቢል ማንም የለም። ቀጥሎ ጓ አለ፣ በቡጢ እንደተመታ በር። ከዚያ ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ።

ወርዶ አየ። የታንከሩ ጎን የተራበ ሰው ሆድ መስሎ ወደ ውስጥ ገብቷል። እያየው እንኳ ላሜራው ደግሞ አቃሰተ። በዙሪያው ሰው ቀርቶ ወፍ አልነበረም። ሰውየው ውስጡ አንድ ነገር አለ ብሎ አመነ። እንዳይወጣበት ታንከሩን በገመድ ጠፍሮ አሰረው፤ ተመልሶም መስኮቱን ዘግቶ ተቀመጠ። እንዲህ ሆነው ሦስት ሰዓት አለፈ።

ወንድሙ በትኩሳቱ መሃል ዓይኑን ገለጠ። «ክፈተው» አለው።

«ውስጡ ያለው ይወጣብናል።»

«ይውጣ። እኔ እዚህ እየሞትኩልህ ነው።»

ወርዶ ገመዱንና ክዳኑን ፈታ። ምንም አልወጣም። አየር ገባ እንጂ። ታንከሩ ታፍኖ እንደቆየ ሰው ትንፋሹን ሳበ፣ ሳበ፣ ጎኑም ጓ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ናፍጣው ከግማሽ በላይ እዚያው ነበር። በሞተሩ የእጅ ፓምፕ ናፍጣውን ጥቂት ገፋ ገፋ ሲያደርግ ሞተሩ ተነሣ። ወንድሙ ሐኪም ቤት በነፍስ ደረሰ፤ ወባው ግን ጭንቅላቱን ነክቶት ግራ እጁ እስከ ዛሬ አይታዘዝለትም። ያ ሦስት ሰዓት ነው የወሰደበት።

አየህ፣ አንተም ልጅህን ከቀበርክ ሰባት ወር ሆነህ። ለቅሶው ላይ ዓይንህ አልረጠበም፤ ሰውም ጎበዝ አለህ። ደረትህ ውስጥ የሚያንኳኳውን ግን አንተ ታውቀዋለህ። ብከፍተው ምን ይወጣ ይሆን ብለህ ፈራህ፤ እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ማንን እጎዳለሁ ነው ያልከኝ? እንደዚያ ወንድም ከጎንህ ያለችውን ሚስትህን ነዋ። ያ ልጅ የእሷም ልጅ ነበር። ስሙን አብሯት የሚጠራ ሰው አጥታ ሰባት ወር ሙሉ አንተን ትጠብቃለች። አሁን ተነሥና ወደ ቤትህ ሂድ። ስሙን በፊቷ ጥራው።