ከተማዋ ስለ ሐጂ ሙዘይን ጣራ ያየችው ሕልም

ጣራ ማለት በሰውና በሰማይ መካከል የሚቀመጥ ነገር ነው። ከሣር፣ ከጭቃ ወይም ከቆርቆሮ ይሠራል። ጥሩ ጣራ የሚባለው ከሥሩ የተቀመጠው ሰው የሚረሳው ነው። ሰውየው ቀና ብሎ ማየት ካበዛ፣ ጣራው ጣራነቱን ትቶ ሐሳብ ሆኗል ማለት ነው።

ስልክ በየኪሱ ከመግባቱ በፊት፣ በአንዲት አሮጌ የቆላ ከተማ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ የሰሊጥ ነጋዴ ነበሩ። ከተማዋ ከዙህር ሶላት በኋላ ትተኛ ነበር። ቀይሉላ፣ ማለትም የቀትር እንቅልፍ፣ የነቢዩ ሱና ነው፤ በዚያች ከተማ ግን ሙቀቱ ከሱናው ቀድሞ የደረሰ ይመስለኛል። በዚያ ሰዓት ነጫጮቹ ግድግዳዎች በፀሐዩ ውስጥ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። አህዮች ቆመው ያንቀላፋሉ። ከበረሃው የመጣው ቀጭን አቧራ ከመንገዱ መሃል ይነሣና፣ ለምን እንደተነሣ የረሳ ይመስል፣ ተመልሶ ይቀመጣል።

ሐጂ ሙዘይን ሰሊጡን ጥሬውን ከመሸጥ ዘይት አድርገው ሊሸጡ አሰቡ። ለዚህም መሃሉ ምሰሶ የሌለው ሰፊ የብረት አዳራሽ አስፈለጋቸው። ከሥሩ ሰማንያ ሰው ይሠራል። አንድ መሐንዲስ ፕላኑን አወጣላቸው፤ እሳቸውም ሁለት ቅጂ አስገልብጠው ለሁለት ብረት ሠሪዎች ሰጡ። አንደኛው የእህታቸው ልጅ ፈትሑዲን ነው። ሁለተኛው ኸይረዲን ይባላል፤ ከሌላ አገር መጥቶ በከተማዋ ዳር ወርክሾፕ የከፈተ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ነው።

ምርጫው ለሌላ ሰው ቢሆን ቀላል ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በጎረቤት ከተማ የአንድ መጋዘን ጣራ ወድቋል። የወደቀው ሠራተኞቹ ለዙህር በወጡበት ሰዓት ስለነበር ማንም አልተጎዳም፤ ሰዉም አልሐምዱሊላህ ብሎ ነገሩን ረሳው። ሐጂ ሙዘይን ግን ሄደው ፍርስራሹን አዩ። የተጣመመውን ብረት ሲመለከቱ ቆይተው፣ "ይኼኛው ጣራ የሶላት ሰዓት አክብሯል። የእኔውም እንደሱ ሰጋጅ እንደሚሆን በምን አውቃለሁ?" አሉ።

ስለዚህ ኢስቲኻራ አደረጉ። ሁለት ረከዓ ሰግደው፣ ኸይር ያለበትን እንዲመርጥላቸው አላህን ለመኑ። ይህንንም ለአንድ ወዳጃቸው ብቻ ነገሩ። በሦስተኛው ቀን ከተማዋ በሙሉ ስለ ሐጂ ሙዘይን ማለም ጀመረች።

እዚህ ላይ ስህተቱን መናገር ይገባኛል። ኢስቲኻራ ያደረገ ሰው መልሱን በሕልም ያያል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ዑለማው ግን ሕልም የኢስቲኻራ ሸርጥ፣ ማለትም ቅድመ ሁኔታ፣ አይደለም ይላሉ። ሐጂው ደግሞ እንቅልፋቸው ከባድ ነበርና ምንም አላዩም። ከተማዋ አዘነችላቸው፤ በእሳቸው ፈንታ አየች።

ልብስ ሰፊው በአዳራሹ ላይ ነጭ ደመና መጥቶ ሲያርፍ አየ። ውሃ ሻጩ ብረቶቹ ከተኙበት ራሳቸው ተነሥተው እንደ ሰጋጆች ሶፍ ይዘው ሲሰለፉ አየ። ሲሚንቶ ነጋዴው ሸምሱ ሕንፃው ጨርሶ ብረት የሌለበት ሆኖ ታየው። ሐጂ ሙዘይን ሁሉንም በትዕግሥት አዳመጡ፤ ሁሉንም "ኸይር ያድርገው" ብለው ሸኙ።

በመጨረሻ ታላቅ እህታቸው፣ የፈትሑዲን እናት ሐጂት ራዚያ መጡ።

"ሙዘይን፣ አየሁልህ" አሉ ገና ሳይቀመጡ።

"ኸይር ነው፣ እትዬ። አረፍ በይ።"

"ሦስት ቀን ሙሉ፣ ዓይኔ ገና ክድን ከማለቱ። ልጄ የሠራው ጣራ ላይ አረንጓዴ ወፎች ሰፍረው ተስቢሕ እያደረጉ አላህን ሲያወድሱ!"

"ስንት ናቸው?"

"ምኖቹ?"

"ወፎቹ።"

"ቁጥራቸው ምን ያደርግልሃል?"

"ጣራው ምን ያህል ክብደት እንደቻለ ልወቅ ብዬ ነው።"

ሐጂት ራዚያ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "አንተ ሰውዬ፣ በልጅነትህም እንዲሁ ነበርክ። ፈትሑዲን ሥጋህ ነው። ለባዳ ሰጥተህ እንደሆነ ደጄን እንዳትረግጥ!"

"ሰምቻለሁ፣ እትዬ" አሉ ሐጂ ሙዘይን። ከእናታቸው ሞት በኋላ ያሳደጓቸው እኚሁ እህታቸው ስለነበሩ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

በማግስቱ ወደ ፈትሑዲን ወርክሾፕ ሄዱ። ያማረ ቦታ ነው። ከዚህ በፊት የሠራቸው ብረቶች ሁሉ ቀይ የዝገት መከላከያ ተቀብተው፣ ለኢድ እንደለበሱ ልጆች ተሰልፈዋል።

"ፕላኑን አየኸው?"

"አየሁት አጎቴ፣ እንከን የለውም። በአርባ ቀን ጣራዎን እሰቅልልዎታለሁ።"

"እስቲ ብየዳህን ልየው።"

"ተቀብቷል እኮ።"

"ሳይቀባ ማን አየው?"

"እኔው ነኛ!"

"ኸይር" አሉ ሐጂው። ቀለሙን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ቀለሙ ጥሩ ቀለም ነበር።

ከዚያ በከተማዋ ዳር ወዳለው ወርክሾፕ አመሩ። የደረሱት ሁሉም በተኛበት ሰዓት ነው። ኸይረዲን ብቻውን ካልተቀቡ ብረቶች መሃል ተንበርክኮ ነበር። በአንዳንዱ ብየዳ ዙሪያ በጠመኔ ነጭ ክብ ተሠርቶበታል።

"ይህ ክብ ምንድን ነው?"

"ያልወደድኩት ነው፣ ሐጂ። ተፍቆ እንደገና ይበየዳል።"

"ደንበኛ ሲመጣ አታጠፋውም?"

"ጠመኔው ቢጠፋ ብየዳው መች ይድናል?"

ሐጂው ፈገግ አሉ። "ፕላኑንስ አየኸው?"

ኸይረዲን አቀረቀረ። "ስለሱ ልነግርዎት ፈርቼ ነበር። ባለፈው ሰኞ እዚህች ካርቶን ላይ ጋደም ብዬ ሳለሁ፣ በሕልሜ..."

"አንተም?" አሉ ሐጂ ሙዘይን። "ወፍ ነው ደመና?"

"ሁለቱም አይደለም። የሚያስደነግጥ ነው። መጥፎ ሕልም ደግሞ አይወራም ብለው ነው ያስተማሩኝ።"

"ደግ አስተምረውሃል። እንግዲያው ሕልሙን ተወው። ስትነቃ ምን አደረግህ?"

"አዑዙ ቢላህ ብዬ በግራዬ እንትፍ አልኩ። ልመለስ ብል እንቅልፉ እምቢ አለኝ። ፕላኑን አወጣሁና እያንዳንዱን መጋጠሚያ ከመጀመሪያው እንደገና አሰላሁት።" ወረቀቱን ዘርግቶ በጣቱ አሳየ። "እዚህ ጋ፣ ቋሚው ብረትና አግዳሚው በሚገናኙበት፣ አራት ብሎን ተጽፏል። የሚበቃው ስምንት ነው። ላሜራውም ቀጭን ነው፤ ወፍራሙን ከሩቅ ማስመጣት ይጠይቃል። በአርባ ቀን አልችልም፣ ሐጂ። ሰማንያ ቀን ያስፈልገኛል።" ወረቀቱን ወደ ሐጂው ገፋ አደረገ። "ለሌላው ቢሰጡትም፣ አደራዎን፣ የብሎኑን ነገር ይንገሩት።"

ሐጂ ሙዘይን ከወረቀቱ ላይ ቀና ብለው ቆዩ። ቀትሩ ዝም ብሏል፤ ከብረቶቹ የሚወጣው ሙቀት አየሩን እንደ ውሃ ያንቀጠቅጠዋል፤ ከሩቅ የከተማዋ ግድግዳዎች ይታያሉ፣ መልሰው ይጠፋሉ። በዚያ ግድግዳ ውስጥ ሁሉም ሰው ስለ እሳቸው መልካም መልካሙን እያለመ ነበር።

መሐንዲሱ ተጠርቶ መጣ። አሰላ፣ ላቡን ጠረገ፣ "ስምንት ነው" አለ። ሥራው ለኸይረዲን ተሰጠ።

ወሬው ሳይቀድማቸው ሐጂው ራሳቸው ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ። ደጁን አልረገጡም፤ ከውጭ ቆመው ነገሯቸው።

"የእኔን ሕልም ንቀህ የባዳ ሕልም አመንክ!" አሉ ሐጂት ራዚያ ከውስጥ።

"የእሱ ሕልም ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ እትዬ። ያየሁት ከነቃ በኋላ ያደረገውን ነው።" ከዚያም ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ "እውነተኛ ሕልም ከእንቅልፍ የሚያስነሣ ነው።"

በዚህ ንግግር ላይ ብዙ አሰላስያለሁ። የኸይረዲን ሕልም ከማን ዘንድ እንደመጣ፣ ወይም ቀትር ላይ ከበላው ገንፎ እንደሆነ፣ ለዑለማው እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው የከተማዋ ሕልሞች ሁሉ ያማሩ እንደነበሩ፣ ያዩአቸው ሰዎችም ተደስተው ወደ ሌላው ጎናቸው ዞረው እንቅልፋቸውን እንደቀጠሉ ነው። ሕልምን የምንወደው ምንም ስለማያሠራን ይሆናል። ኢስቲኻራ ግን አላህን ጠይቆ መተኛት አይደለም፤ ጠይቆ፣ ተነሥቶ፣ ሄዶ ማየት ነው። መልሱ በማን በኩል እንደሚመጣም አንመርጥም፤ የለመኑት ሐጂ ሙዘይን ነበሩ፣ የደነገጠው ኸይረዲን ነው። የሰማንያ ሰው ነፍስ አማና፣ ማለትም አደራ፣ ነው። አማና የያዘ ሰው ደግሞ ጥቂት መደንገጥ አለበት።

አዳራሹ በዘጠና አንድ ቀን አለቀ፤ እስካሁን ቆሟል። ሐጂት ራዚያ ወንድማቸውን ሰባት ወር አላናገሩም። በስምንተኛው ወር ዘይት አልቆባቸው መጡ።