ወሰኔ ጠፍሯን የበላ ዕለት

ጆሯችሁን ወዲህ በሉ፤ ተረት ልወረውር ነው። «እሺ» ያላለ ጆሮው እንደ ጥንቸል ይርዘም!

ዱሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ ወሰኔ የሚባል ድቅል ውሻ ነበር። እናቱ የቆላ አዳኝ፣ አባቱ የደጋ በር ጠባቂ። ከእናቱ እግር ወረሰ፤ ከመርዘሙ የተነሳ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ከሥሩ ተጠልሎ ይውል ነበር። ከአባቱ ደረት ወረሰ፤ ሲያስነጥስ የጎረቤት ጣራ ይነሳል። ዋሸሁ እንዴ? እሺ፣ ግማሹ ጣራ።

ጌታው አያ ቸኮለ «አዳኝ ነው፤ አዳኝ ከጠገበ አይሮጥም» አለና ምግብ ከለከለው። ሚስቱ እት ደብሪቱ «የለም፣ የበር ውሻ ነው፤ የበር ውሻ ከተፈታ ይዞራል» አለችና በጠፍር አሰረችው። ምስኪን ወሰኔ! የሁለቱንም ወገን መከራ ብቻውን ቻለው። ከፊቱ ባዶ ገበቴ፣ ካንገቱ ጠፍር፣ ካጠገቡ አምስት ፍየሎች።

አንድ ጠዋት ጉም ወረደ። ከጉሙ ውስጥ ነብር መጣ፤ ኮቴው አይሰማም።

«አንተ፣ ምንድን ነህ?»

«አዳኝ ነኝ!»

«አዳኝማ ይሮጣል። እስቲ ሩጥ።»

ወሰኔ ዘለለ፤ ጠፍሯ አነቀችው። ነብሩ አንድ ፍየል አንጠልጥሎ ሄደ።

«ውሻው ጠግቦ ነው!» አለ አያ ቸኮለ፤ ፍርፋሪውንም ከለከለው።

«ጠፍሯ ላልታ ነው!» አለች እት ደብሪቱ፤ አሳጠረቻት።

በማግስቱም ጉም ወረደ። ነብር መጣ።

«ዛሬስ ምንድን ነህ?»

«በር ጠባቂ ነኝ!»

«ጠባቂማ ይጮሃል። እስቲ ጩህ።»

ወሰኔ አፉን ከፈተ። ከረሃብ ብዛት የወጣው የጫጩት ድምፅ ነው። ነብሩ እየሳቀ ሁለተኛዋን ፍየል አንገቷን ያዘ። ሲሄድ ዞር አለና፣ «ፍየል ሰለቸኝ። ነገ የምመጣው ላንተ ነው» አለው።

«አሁንም ጠግቧል!» አለ አያ ቸኮለ።

«አሁንም ላልታለች!» አለች እት ደብሪቱ፤ ቋጠሮ ጨመረች።

በሦስተኛው ጠዋት የወረደው ጉም የገዛ አፍንጫችሁን የሚሰርቃችሁ ዓይነት ነበር። ገበቴ ናት የተናገረችው።

«እሜቴ ጠፍር፣ ኧረ ልጁን ልቀቂው!»

«መፍታት አላውቅም። የተማርኩት ማሰር ነው።»

«ለመሆኑ የማን ቆዳ ነሽ?»

«የጊደር» አለች ጠፍር። «ነብር የሰበራት ጊደር።»

«ይኸው ነብር?»

«ይኸው።»

ጉሙ ውስጥ ጠጠር ተንከባለለ።

«ወሰኔ፣ ብላኝ!» አለች ጠፍር።

«ደረቅ ነሽ፤ ጥርሴ ይረግፋል!»

«የጉሙ ጠል እኔ ውስጥ ተጠራቅሟል» አለች ገበቴ፤ «ቶሎ ንከራት!»

ነከራት። አኘከ። ጉሙ ውስጥ ሁለት ዓይን በራ። አኘከ። ዓይኖቹ ቀረቡ። አኘከ፣ አኘከ።

«ዛሬስ ምንድን ነህ?» አለ ነብር፣ ከንፈሩን እየላሰ።

ወሰኔ የመጨረሻዋን ጉርሻ ዋጠ።

«ሁለቱንም ነኝ።»

ባባቱ ደረት ገጨው፤ ነብሩ ገበቴ ላይ ወድቆ ከንፈሯን ሰነጠቃት። ተነስቶ ፈረጠጠ። ወሰኔ በናቱ እግር ተከተለው። ሰባት ወንዝ አሻገረው፤ እንዲያውም ስምንት። ከሩጫው ብዛት የነብሩ ነጠብጣብ ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ።

ወሰኔ ቀትር ላይ ተመለሰና ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

«አየሽ? ተርቦ ነው የሮጠው!» አለ አያ ቸኮለ።

«ታስሮ ስለዋለ ነው እንጂ የተቆጣው!» አለች እት ደብሪቱ፣ አዲስ ጠፍር ይዛ።

ወሰኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። የቀሩት ሦስት ፍየሎች እዬዬአቸውን አቀለጡት።

«ኧረ ሊሄድብን ነው፣ አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች እት ደብሪቱ፤ አዲሱንም ጠፍር ጣለችው። አያ ቸኮለ የራሱን ምሳ ገበቴ ላይ ገለበጠ። ያን ጊዜ ወሰኔ ገባ። በላ። ማንም ሳያስረው በሩ ላይ ተጋደመ።

እና ልጆቼ፣ ከሁለት ወገን የተወለደ ሁለት ሆድና ሁለት አንገት የለውም፤ ያለችውን አንዲት ሆድ አጥግቡለት፣ ያለችውን አንዲት አንገት ፍቱለት። ያላመነ ይምጣ፤ ገበቴ እኔ ቤት ናት፣ ከንፈሯ እንደተሰነጠቀ። የወንዞቹን ቁጥር ብቻ እንዳትጠይቋት፤ እሷም እንደኔ ማጋነን ትወዳለች።