መመለሻውን የሳተው አውቶቡስ

አንድ ናሁሰናይ የሚባል ወጣት ፕሮግራመር ነበር። በከተማው አውቶቡስ ውስጥ የፌርማታዎችን ስም እየጠራ ለተሳፋሪ የሚናገር መሣሪያ ሠራ። ፕሮግራሙን ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሲጽፍ ፌርማታዎቹን እንደ ሰንሰለት አያያዛቸው፤ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውንም ከኋላው ያለውንም ያውቃል። አውቶቡሱ ሲሄድ በአንደኛው፣ ሲመለስ በሌላው ይመራል።

አንድ ቀን በመንገዱ ላይ ያለው ድልድይ ለጥገና ተዘጋ፤ አውቶቡሱ በሌላ መንገድ ዞሮ እንዲያልፍ ተደረገና "ድልድይ" የሚባለው ፌርማታ ቀረ። ናሁሰናይ ከድልድዩ በፊት ያለውን "ገበያ" ከድልድዩ ማዶ ወዳለው "ወፍጮ ቤት" መራው። ሞከረው፤ ሠራ።

"መመለሻውንስ አየኸው?" አሉት አለቃው።

"መሄጃው ከሠራ መመለሻው የት ይሄዳል!" ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ሥራውን ሊያይ ራሱ ተሳፈረ። መሄጃው ሸጋ ነበር። ሲመለሱ ግን አውቶቡሱ ገበያ ቆሞ ሳለ መሣሪያው "ድልድይ" አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ቀጣዩ ፌርማታ አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ "ገበያ" አለ። ይሄኔ ወይዘሮ ውባለም የሚባሉ ዓይነ ስውር እናት ተነስተው ወረዱ። ናሁሰናይ ደንግጦ ተከትሏቸው ዘለለ። መኪና በሚከንፍበት አስፋልት ጠርዝ ላይ ቆመው ምርኩዛቸውን ሲዘረጉ ክንዳቸውን ያዘ።

"እማማ፣ ወዴት ነው?"

"ወደ ቤቴ ነዋ! ገበያ ብሎኝ ወረድኩ። ታዲያ ጫጫታው የት ገባ? ሲጨቃጨቅ የሚውለው ሻጭ ሁሉ ታረቀ እንዴ?"

"ገበያው አልፎዎታል፤ ጥፋቱ የኔ ነው። መሣሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ ውባለም ከት ብለው ሳቁ። "አይ ልጄ! ሲሄድማ በትክክል ይጠራ ነበር። እኛ እኮ ሄደን አንቀርም፤ ቤታችንም እንገባለን!"

እየተሳሳቁ ቤታቸው አደረሳቸው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቢሮው ሮጠ። ስህተቱ ወዲያው ታየው፤ ገበያን ወደ ወፍጮ ቤት ቢመራም፣ ወፍጮ ቤት ዛሬም ወደ ኋላ ዞሮ የሚያየው ድልድይን ነበር። ሁለቱን ከሁለቱም ወገን አያያዛቸው፤ ድልድይን ከፕሮግራሙ ያሰናበተው ከዚያ በኋላ ነው። ሲሄድም ሲመለስም ሞከረው። አለቃውን ሳይጠሩት ጠርቶ አሳያቸው።

ወዳጆቼ፣ በሁለት ሰዎች መካከል የገባን ነገር ስናነሳም እንዲሁ ነው። አንደኛውን "ይቅር በል" ብለን እጁን ብናስዘረጋው፣ ሌላው አሁንም ፊቱን ወደ አሮጌው ቂም አዙሮ ሊሆን ይችላል። እርቅ የሚጸናው ሁለቱም ወገን ሲተያይ ነው። እናንተስ አስታረቅን ብላችሁ ከሄዳችሁበት ቤት፣ ያላናገራችሁት ወገን ይኖር ይሆን?