በመምህሩ ድምፅ የተቃኘ ክራር

ተማሪዎቻቸው ፈተና ወድቀው የማያውቁ አንድ የክራር መምህር ነበሩ። በከተማው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚታለፈው በፈተና ስለሆነ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ እሳቸው ለመላክ ይሻሙ ነበር። መምህሩ ደግ ናቸው፤ ችኩልም ናቸው። ተማሪ ክር ሲያጠብቅና ሲያላላ ጊዜው እንዳይባክን ክራሩን ሁሉ ራሳቸው እየቃኙ፣ «በሉ፣ እናንተ ዜማው ላይ ብቻ አተኩሩ» ይሉ ነበር።

ትርንጎ የምትባል ተማሪ ነበረቻቸው። አባቷ «ይህን ደረጃ ካላለፍሽ ክራሩ ይቀርና ሱቅ ትቆሚያለሽ» ብለው ቆርጠውባታል።

የፈተናው ቀን መምህሩ እንደ ልማዳቸው ክራሯን ቃኝተው ሰጧትና ከፈተናው ክፍል ውጭ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ጀመር። ፈታኟ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ክራሩን ተቀበሏትና ስድስቱንም ክሮች አላሏቸው።

«በይ ልጄ፣ ቃኝተሽ ተጫወቺ።»

«የሚቃኙልኝ ጋሼ ናቸው» አለች ትርንጎ።

«ዛሬ የምትፈተኚው አንቺ ነሽ።»

መምህሩ ይህን ከበሩ ውጭ ሰሙ። ገብተው ሊቃኙላት የበሩን እጀታ ያዙ። ከመግባታቸው በፊት ግን ትርንጎ ዘፈኑን ያለ ክራር ታንጎራጉር ጀመር። በጉሮሮዋ የምታወጣውን ድምፅ ክሩ ላይ ትፈልገዋለች፤ ትስተዋለች፤ እንደገና ታጠብቃለች። የመጨረሻው ክር ሲገጥምላት ጣቶቿን ክሮቹ ላይ አሳርፋ እየመታች ዘፈነች።

መምህሩ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። የሚሰሙት ድምፅ ወፍራምና የሞላ ነበር፤ በእሳቸው ክፍል እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። «ፈጣሪ ሆይ! ይህች ልጅ ማን ናት?» አሉ፣ የገዛ ተማሪያቸውን።

ፈታኟ ወጡና «አልፋለች» አሏቸው። «መምህር፣ አይቀየሙኝና፣ የእርስዎ ድምፅ ቀጭን ነው። ክራሩን ሁሉ በራስዎ ድምፅ ልክ ሲቃኙት ልጆቹ ወደ እርስዎ ሲንጠራሩ ኖሩ። እስከ ዛሬ ያሳለፍኩት እርስዎን ነበር።»

መምህሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ወደ ተማሪያቸው ገቡ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ልጆቻችንን ስለምንወድ ሁሉን አስተካክለን እናቀብላቸዋለን፤ የምናስተካክለው ግን በራሳችን ልክ ነው። ልጅ ስትሳሳት ዝም ብሎ መጠበቅ ያስጨንቃል። የራሷን ድምፅ የምታገኘው ግን ያኔ ነው። እርስዎስ፣ የልጅዎን ድምፅ በእውነት ሰምተውት ያውቃሉ?