ጃርቷን ያሻገረው ጉማሬ

ስሙኝማ፣ አንድ ተረት ላውጋችሁ። እንስሳት ሁሉ አንድ ቋንቋ በሚናገሩበት ዘመን፣ ስለ እንስሳት አእምሮና ጠባይ የሚመራመሩ አዋቂ እንስሳት በአንድ ሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ጉባኤ ተቀመጡ። አንዲት ወጣት ጃርትም ጉንዳኖች ዝናብ ዱካቸውን ሲያጥበው እንዴት ቤታቸውን እንደሚያገኙ ደርሳበት ነበር። ይህን ለጉባኤው ልትናገር ብትፈልግም ዋና ስለማትችል ሐይቁ ዳር ቆማ አለቀሰች።

ሽማግሌው ጉማሬ አያትና፣ «ነይ፣ ጀርባዬ ላይ ውጪ» አላት።

«እሾሄ ይወጋዎታል እኮ፣ አባባ።»

«ይውጋኛ! ይልቅ ያገኘሽውን መንገድ ላይ አጫውቺኝ።»

ደሴቷ ላይ ስትናገር ዝሆን እንኳ ጆሮውን ማራገብ ትቶ አዳመጣት። ስትጨርስ በደስታ ጉማሬውን በዓይኗ ፈለገችው። እሱ ግን ጀርባው እየደማ ወደ ማዶ ይመለስ ነበር፤ እዚያ እንደ እሷ መሻገር ያቃታቸው ወጣት ጦጣና ጥንቸል ቆመው ይጠብቁታል።